የአስናቀው ካርድ

አንድ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከእናቱ ጋር ወረፋ ሲጠብቅ ሲያስል ዋለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚያ ከነበሩት ልጆች ያልተከተቡት ሁሉ ታመው ተኙ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቀሩትን ያልተከተቡ ልጆች ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረች። አንዲት እናት ልጇን በአንቀልባ እንዳዘለች ደጃፏ ላይ ተቀበለቻት።

«የኔማ ተከትቧል» አለችና በፌስታል የተጠቀለለ የክትባት ካርድ ከሣጥን አወጣች። ማኅተሙ በየመስመሩ አለ። ሠራተኛዋ ገና ሠላሳ ቤት ይቀራት ነበር። «ጎበዝ እናት!» ብላ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።

በወሩ እዚያው ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተከለ። ሠራተኛዋ ለቅሶ ደርሳ ከእናቲቱ ጎን ተቀመጠች፤ ካርዱንም እንደገና እንድታሳያት ለመነቻት። አሁን ከላይ ጀምራ አነበበችው። ስሙ አስናቀው ይላል፤ የተወለደው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ኩፍኝ የገደለው ልጅ ግን ምትኬ ነበር፤ ገና ሁለት ዓመቱ።

«እህቴ፣ አስናቀው ማነው?»

«ታላቁ ነው። ወንዝ የወሰደብኝ።»

«ታዲያ የሱን ካርድ ለምን አሳየሽኝ?»

እናቲቱ ግራ ገብቷት አየቻት።

«ምትኬ ያልነው እኮ በሱ ቦታ ስለመጣልን ነው። በሱ አንቀልባ አዘልኩት፣ የሱን ልብስ አለበስኩት፤ የወንድሙ የነበረው ሁሉ ለሱ ሆነ።» ካርዱን ተቀብላ በፌስታሉ ጠቀለለችው። «ክትባቱ አይወረስም እንዴ?»