ሁለት ጨረቃ

የመዋዕለ ሕፃናቱ ሞግዚት «ያቺ ልጅ ቀን ከሌት አትለይም፤ ውሸት ቁርሷ ነው» የሚለውን ወሬዋን እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ብቻዋን መጥታ፣ የመምህሯን ቀሚስ ጎትታ፣ «አባባ ተኝቶ እምቢ አለኝ፤ አይነሳም» ስትል ማንም አልደነገጠም። አባባ የምትለው ብቻቸውን የሚያሳድጓትን አያቷን ነበር። መምህሯ ጊዜ የምታስተምርበትን የሥዕል መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ በአንዱ ገጽ ጨረቃ፣ በሌላው ፀሐይ።

«እስቲ መቼ እንደተኙ በጣትሽ አሳዪኝ።»

ልጅቷ ጨረቃዋን ነካች፤ ከዚያ ፀሐይዋን። ጥቂት አሰበችና መልሳ ጨረቃዋን፣ እንደገና ፀሐይዋን ነካች።

«ሁለት ጨረቃ? አያትሽ እንቅልፍ በጆንያ ነው እንዴ የሚሸምቱት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሞግዚቷ ከበሩ ላይ፣ «አላልኩም?» አለች።

መምህሯ ያቺን ትንሽ ጣት ጨብጣ ከጨረቃዋ ወደ ፀሐይዋ ጎተተቻት። «ሰው ማታ ይተኛል፣ ጠዋት ይነሳል። በይ!» ልጅቷ ጣቷን ወደ ጨረቃዋ ልትመልስ ታገለች፤ መምህሯ አልለቀቀቻትም። በአምስተኛው ጊዜ ልጅቷ፣ «አባባ ማታ ተኛ፣ ጠዋት ተነሳ» አለች እንባዋን እየዋጠች። ግንባሯ ላይ የጎበዝ ኮከብ ተለጠፈላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷን ልትወስድ የመጣችው ጎረቤት ነጠላ ጫማ እንኳ በቅጡ አላጠለቀችም። ሽማግሌው ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ራሳቸውን ስተው ነበር። ሐኪሙ እንዳለው፣ እስከ ዛሬ ቀን ስድስት ሰዓት ይተነፍሱ ነበር።