አምስተኛው በር

ኦዳ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ብሎኬት ሲሸከምና ሲደረድር የኖረ ልጅ ነው። ዘንድሮ ቀናውና ሰበታ ካለ አንድ ስፖንጅ ፋብሪካ ቋሚ ሆኖ ገባ።

"ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ግንባርህ ከሰል መስሏል፤ ኮፍያ የለህም?" አሉት ጽዳቷ አዴ በቀለች።

"የቀን ሥራ በላው፣ አዴ። አንዱ ፎርማን በአይሱዙ ጭኖ ከአንድ ጓሮ ጣለኝ። የሌባ መግቢያ ስደፍን፣ የመጨረሻዋን ብሎኬት ሳስገባ ኮፍያዬ ከራሴ ወልቆ ወደ ውስጥ ወደቀ። እናቴ በቀይ ክር የጠለፈችው! ዞሬ ላምጣ ብል፣ 'መሸ፣ ውጣ' አለኝ።"

"ይኸኔ ሌባው ለብሶታል!"

በዚያው ሳምንት አሠልጣኟ ሶፊ መጣች። እሳት ቢነሳ በየት እንደሚወጣ ሁሉም ማወቅ አለበት። ግማሹን ሠራተኛ ዓይን ላይ የሚታሰር መነጽር አስደረገችው፤ ለግማሹ የወረቀት ካርታ ሰጠች። መነጽሩን ያደረገ ሰው ፋብሪካው ውስጥ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

"ከሕንፃው ፕላን ነው የተሠራው፤ አንዲት ነገር አልጎደለችም" አለች።

ኦዳ ካርታ ማንበብ ሞቱ ነው። መነጽሩን ግን ወደደው። ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው በአምስተኛው በር ብቻ ሃያ ጊዜ ወጣ። እዚያ ስፍራ በእግሩ ሄዶ አያውቅም፤ ሥራም የለው። አዴ በቀለች ደግሞ በአንድ እጃቸው ካርታ፣ በሌላው መጥረጊያ ይዘው ሲዞሩ ሰነበቱ።

ፈተና ሆነ። ኦዳ አንደኛ ወጣና የመውጫ መሪ ተባለ፤ አረንጓዴ ሰደርያ ለበሰ። አዴ በቀለች "የመውጫ በር ስንት ነው?" ሲባሉ "አራት" ብለው ዜሮ አገኙ።

"አዴ፣ ካርታው አምስት ይላል'ኮ!"

"ካርታው ይበል። መጥረጊያዬ አራት ነው የሚለው።"

ሰው በሳቅ ሞተ።

ሐሙስ ከሰዓት መቁረጫ ማሽኑ ተቀጣጠለ። የስፖንጅ ጢስ ጥቁር ነው፣ ጉሮሮ ያንቃል። መብራት ጠፋ።

"በሁለተኛው በር! ተከተሉኝ!" አሉ አዴ በቀለች።

"እሱ ሩቅ ነው! አምስተኛው እዚሁ ነው!" ኦዳ ጮኸ። "ዜሮ ያመጡትን ነው የምትከተሉት?"

ሦስት ሰው ከሳቸው ሄደ። አሥራ አንዱ የኦዳን ሰደርያ ይዞ ተከተለው።

ኦዳ ዓይኑን ጨፈነ። አሥራ አራት እርምጃ፣ ወደ ግራ፣ መደርደሪያውን አልፎ ዘጠኝ። ልክ እንደ መነጽሩ። አንዲት አልሳተም። እጁን ዘረጋ።

ብሎኬት ነው።

"ክፈተው እንጂ!" አለ ከኋላው አንዱ እየሳለ። ኦዳ የስልኩን መብራት ወደ ታች አበራ።

ከብሎኬቱ ሥር፣ ተንጠባጥቦ በደረቀ ሲሚንቶ መሃል፣ ቀይ ክር የተጠለፈበት ኮፍያ ወድቋል።