ዘጠኝ ማይል

ባሌ ሌላንድ ያቺን ቀይ መኪና ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልነዳትም። በዓለም ላይ አምስት መቶ ብቻ ናቸው የተሠሩት እያለ፣ የወንበሯን መሸፈኛ ላስቲክ እንኳ ሳያነሳ ጋራዥ ውስጥ ቆለፈባት። እሁድ እሁድ ገብቶ መሪዋን ይዞ ይቀመጣል፤ እኔን አያስጠጋኝም። ምጥ ይዞኝ ስጮህ እንኳ የጠራልኝ ታክሲ ነው።

ሲሞት ለጨረታ አወጣኋት። ቆጣሪዋ ዘጠኝ ማይል ነው የሚለው፤ ተፈላጊ ያደረጋትም እሱ ነው። ስለዚህ ሆን ብዬ በጭነት መኪና አልላክኋትም። አዲስ ባትሪ አስገባሁ፣ ላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩት፣ ወንበሩን ለአጭር እግሬ እስኪበቃኝ ወደ ፊት ሳብኩት። ከዚያ አርባ ማይል በረርኩባት። «ይኸው ሌላንድ፣ እስቲ አሁን ተቆጣ» እያልኩ ነዳሁ።

የጨረታው ግቢ እንደደረስኩ ወርጄ መኪኖቹን ለሚመረምረው ለሮይስ ቁልፉን ሰጠሁት። በሩን ከፍቶ ወደ ቆጣሪዋ አጎነበሰ።

«እትዬ ኦፓል፣ ዘጠኝ ማይል! ምን አድርገው ቢይዟት ነው?»

«አትቀልድብኝ። ከቤቴ እዚህ ድረስ እየነዳኋት ነው የመጣሁት።»

«ኧረ እትዬ፣ ላስቲኩም እኮ አልተነካም።»

ገፍትሬው ገባሁ። ስቀመጥ ላስቲኩ ከሥሬ ተንኮሻኮሸ። እግሬን ዘረጋሁ፣ ፔዳሉ ጋ አልደረሰም። ወንበሩ በሌላንድ ቁመት ልክ ወደ ኋላ ሄዷል።

በንዴት የወንበሩን ማንሻ ይዤ ወደ ፊት ሳብኩት። ትንሽ መጣልኝ። ከዚያ ቀስ አድርጎ መልሶ ወደ ኋላ ጎተተኝ።