አንዴ ብቻ

ዘንድሮ በወጣው ደንብ መሠረት፣ አንድ ጊዜ ፎቶ የተነሳን ነገር የትኛውም ካሜራ ደግሞ አያነሳውም። ፎቶ በዛ ተብሎ ነው። ለፎቶግራፍ ክፍል ፕሮጀክቴ የጀንበር መጥለቅን ላነሳ ወጣሁ፤ ካሜራው «ይህ ተነስቷል» አለኝ። የጎረቤታችንን ድመት ሞከርኩ፤ እሷም ተነስታለች። የተቀደደ ጫማዬን እንኳ አንዱ ቀድሞኝ አንስቶታል።

ተስፋ ቆርጬ ቤት ስገባ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዕድሜዋን ሙሉ «ፀጉሬን ሳልሠራ?» እያለች ከፎቶ የሸሸች ሴት ናት። ካሜራውን ሳዞርባት በክንዷ እንባዋን እየጠረገች «ቆይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ» አለች። ጣቴ ግን ቀድሟት ነበር። ግማሽ ፊትና አንድ ክርን ወጣ።

መምህራችን ጋሽ ኅሩይ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው «የዘመናችን ሐዘን ማለት ይህ ነው» ብለው ለክፍሉ አብራሩ። ሽንኩርት ነው ልላቸው ስል ኤ ሰጡኝና አመስግኜ ተቀመጥኩ።

ቤት ስመለስ እናቴ ሹሩባ ተሠርታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«በይ፣ አሁን አንሺኝ» አለችኝ።

ካሜራውን አነጣጠርኩ።

«ይህች ሴት ተነስታለች» አለ፣ እሷ እየሰማች።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «መቼ?» አለች።