ከእጇ የቀደመው መልእክት

እጇ ወጣ።

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን ተጠጋች። አፈ ጉባኤው የጠየቁት «የምትደግፉ» ብለው ነው፤ ጆሮዋ አልዋሻትም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችው እንደራሴ፣ የገዛ አክስቷ፣ እጇን ቀጥ አድርጋ አውጥታለች። ካሜራው አልፎ ሄዶ ሲመለስም እጇ አልወረደም።

ጠረጴዛው ላይ የልጅቷ ስልክ መንጫጫት ጀመረ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሷ ጣት ነው። ረዳት ሆና የምትሠራበት የአክስቷ ቢሮ ልማድ ለየት ይላል። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን እንደራሴዋ ገና ጠዋት፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ለመራጮቿ አጭር የድምፅ መልእክት ትቀዳለች። «ወገኖቼ፣ ዛሬ እንዲህ ብዬ ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ትላለች፣ ገና አዳራሹን ሳትረግጥ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ነገር ሁለቱንም ያስቃቸው ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ከስብሰባ በኋላማ ማን ፋታ ይሰጣታል? አፈ ጉባኤው «ወደ ድምፅ አሰጣጥ እንለፍ» ሲሉ ልጅቷ ትልከዋለች። የሌላው እንደራሴ መራጭ ወሬውን ማታ በዜና ሲሰማ የእነሱ መራጭ ቀድሞ ያውቃል። ልጅቷ በዚህ ትኮራ ነበር።

የዛሬው መልእክት «ተቃውሜዋለሁ» ይላል። ሕጉ የጭነት መኪና በሌሊት እንዳይነዳ የሚከለክል ነው። አክስቷን የመረጠቻት ከተማ ደግሞ ኑሮዋ ሌሊት በሚያልፍ መኪና ላይ ነው፤ ጎማ ጠጋኙም፣ ምግብ ቤቱም፣ ነዳጅ ቀጂውም ከሾፌር ኪስ ነው የሚበሉት። የልጅቷ አባት፣ የእንደራሴዋ ታላቅ ወንድም፣ ራሱ ከባድ መኪና ነጂ ነው። በምርጫው ጊዜ ሾፌሩን ሁሉ ከእህቱ ኋላ ያሰለፈው እሱ ነው።

ታዲያ ምን ነካት? ልጅቷ እንቅልፍ ሸልቧት ይሆናል ብላ አሰበች። ወይ አስፈራርተዋታል። ወይ ጥያቄው ተምታቶባታል። አንዱም አክስቷን አልመስል አላት።

በሩ ተከፈተና አክስቷ ገባች። ሰው ፊት «የተከበሩ» ትላታለች፤ አሁን ግን ማንም የለም።

«አክስቴ፣ ተሳስተሽ ነው አይደል?»

«አልተሳሳትኩም። ልከሽዋል?»

«እንደ ሁልጊዜው። ምስጋናው እየጎረፈ ነው። አንዱማ ‹የሾፌር እናት› ብሎሻል።»

አክስቷ ኮቷን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ግድ የለም፣ ይስተካከላል» አለች ልጅቷ። «ከሰዓት ስብሰባው ሳይጀመር በስህተት ነው ካልሽ መዝገቡ ይታረማል። ያ ጠና ያለው ሰውዬ ከእንቅልፉ ሲባንን በስህተት ያወጣውን እጁን አላሳረመም? ሕጉ እንደሆነ አልፏል፤ ያንቺ አንድ እጅ ምንም አይለውጥም። ካልታረመ ግን ማታ የሁላችሁም ድምፅ በየስማችሁ ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ውሸታም ነው የሚሉሽ።»

«አውቃለሁ። ከአዳራሹ እስከዚህ ይህንኑ ሳሰላስል ነው የመጣሁት።»

«እና ለምን ደገፍሽ?» አለች ልጅቷ። መቆጣት አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ጉጉት ብቻ ነው።

«ማስታገሻ ተናገሩ።»

ማስታገሻ የሚሏቸው አንድ አንጋፋ እንደራሴ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው መናገር ሲጀምሩ ምክር ቤቱ በሙሉ ስለሚያንቀላፋ ነው። ልጅቷም እሳቸው ሲነሱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግታ ነበር።

«ምን አሉ?»

«እንደ ልማዳቸው ቁጥር ሲደረድሩ ቆዩና መነጽራቸውን አወለቁ። ‹እዚህ ውስጥ ሾፌር ዘመድ ያለው አለ?› አሉ። ‹እሱ ሌሊት ሲወጣ እናንተ ትተኛላችሁ?› ብለው ቁጭ አሉ። ሌላ አልጨመሩም።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «እናትሽ ትተኛለች?»

አባቷ መንገድ ላይ ባለ ሌሊት ሁሉ እናቷ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበውን ዕቃ መልሳ ታጥባለች። በልጅነቷ ሁሉም እናት እንዲያ የምታደርግ ይመስላት ነበር።

«እኔም አልተኛም» አለች አክስቷ። «ይገርምሻል፣ ይህን ያህል ዓመት ስቀመጥ ሰው ተናግሮ ሐሳቤን ሲያስለውጠኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴትስ ይለውጠኛል? ጠዋት ወስኜ ጨርሼ ነው የምገባው።»

ስልኩ ጠራ። አባቷ ነው። አክስቷ ተቀብላት «እኔ ነኝ» አለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የከባድ መኪና ሞተር ክፍሉን ሞላው።

«እታለም፣ ኮራንብሽ» አለ አባቷ። «ሾፌሩ ሁሉ አመስግንልን እያለኝ ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ መልእክቱ ውሸት ነው። ጠዋት ነው የቀዳሁት። አዳራሹ ውስጥ እጄን ያወጣሁት ደግፌ ነው።»

ከወዲያ በኩል የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። አባቷ ሲናደድ ስልክ ጆሮ ላይ መዝጋት ልማዱ ነው፤ ካኮረፈም ወራት ይቆያል። ልጅቷ መቼ ይዘጋው ይሆን እያለች ጠበቀች።

«እኔን አምነው የመረጡሽን ሰዎች ምን ልበላቸው?» አለ በመጨረሻ።

«እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። አስቀድሜ ግን ምክንያቴን ላንተ ልንገርህ።»



«ቆይ» አለ አባቷ። «ዳር ልያዝ።»

ጎማ ጠጠር ላይ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ፍሬኑ ፊሽ ብሎ ተነፈሰ፣ ሞተሩም ጠፋ። ከመንገዱ ዳር የአንዲት ወፍ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«በይ እታለም፣ እየሰማሁሽ ነው» አለ።