ከውሃ በታች ያለው ፎቅ

ግድብ ተሠርቶ ሐይቁ ዘጠኝ መንደር ሲውጥ የዘጠኙም ሰው አንድ ከተማ ውስጥ ታጨቀ። አለቃ ማን ይሁን ተባለ። ተጣሉ፣ ተፈነካከቱ፤ በመጨረሻ «ትልቁ ቤት የነበረው ይሁን» ብለው ተስማሙ። ቤቶቹ ግን ያኔ ሁሉም ውሃ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ብልህ ሕዝብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ ዓሣ የሐይቁ ቤተ መንግሥት በዛ። ክሉቼ የሚባለው ግን ሁሉንም አስከነዳ፤ የአባቱ ቤት ባለ ፎቅ ነበር፣ በረንዳው ላይ ፈረስ ይጋለብ ነበር። አለቃነቱን ወሰደ፤ በማዕረጉ «ቶግቤ» ተባለ።

ከእሱ መንደር ሌላ የመጣ ቢኖር ጀልባ ጠጋኙ ዶቼ ብቻ ነው። እሱም ያኔ አባቱ አግቦዴካ የሞተበት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጨቅላ ነበር፤ ቶግቤ ራሱ አቅፎ አመጣው። አድጎ ውለታውን በምላሱ መለሰ።

«ቶግቤ፣ ፍየሎቹ የሚያድሩት ምድር ቤት ነበር ወይስ ፎቁ ላይ?» ይላል ገበያ መሐል።

«ዝም በል፣ አንተ የዓሣ አንጀት!»

ገበያው በሳቅ ይፈርሳል።

ግድቡ አረጀ። ግንቡ እንደ ሽማግሌ ዓይን ያነባ ጀመር። የግድቡ መሐንዲስ ለጥገና ውሃው ይቀንሳል ስትል ቶግቤ እያለከለከ መጣ።

«ልጄ፣ አትንኪው። የአባቶች መንፈስ ይቆጣል።»

«አባቴ፣ ካልቀነስነው ከተማችሁን ጠራርጎ ይሄዳል።»

«መንፈሱስ ግድ የለውም» አለ ዶቼ። «የሚቆጡት ፍየሎቹ ናቸው!»

ሽማግሌዎቹ ቶግቤ ውሃው እንዳይነካ ሲለማመጥ አዩና ፈረዱ፦ «ቤቱ ከሌለ ከወንበሩ ይወርዳሉ።»

«ቤቱ አለ!» አለ ቶግቤ። ድምፁ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ይመስል ነበር።

ውሃው ወረደ። ከተማው ለመሳቅ አሰፍስፎ ወጣ።

ቤቱ አለ። ባለ ፎቅ፤ በየመስኮቱ አምባዛ የሚዘልበት፣ በረንዳው ለፈረስ ቀርቶ ለሠርግ የሚበቃ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዶቼን ጆሮውን ይዘው አንበረከኩት።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ቶግቤ በጥድፊያ። «ኑ እንሂድ፣ የዘንባባ ጠጅ በእኔ ነው!»

«የለም፣ ቶግቤ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ያን ሁሉ ዘመን ሰድቦዎት? የአባትዎን ደጅ በእጁ ይጠብ!»

«ተዉት አልኩ እኮ!»

ማን ይሰማዋል? ዶቼ አንገቱን ደፍቶ ወጣና ከበሩ አናት ላይ ጭቃውን ጠረገ። ከሥሩ በሲሚንቶ የተጻፈ ትልቅ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «የአግቦዴካ ቤት»።