አንዲት ቅርፊት

ሚዛን የያዙት የዓሣ ማጥመድ ውድድሩ ዳኞች በበርሚንግሃም ቦይ ዳር እየቀረቡ ሲመጡ ክላይቭ የመረብ ከረጢቱን ከውሃው አወጣ። ውስጡ የምትንፈራገጠው ዓሣ ከጣት አትበልጥም። ቀኑን ሙሉ የያዘው እሷኑ ብቻ ነው። ጥፋቱም የራሱ ነበር። ውሃ ሲቀዘቅዝ ዓሣ ብዙ እንደማይበላ፣ ማማለያው ትልም ወደ ውሃው በቁንጥር ብቻ እንደሚጣል ለጀማሪዎች ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ዛሬ ቸኩሎ በጠዋቱ እፍኝ ሙሉ በተነው። ከጎኑ የተቀመጠው የተቃራኒው ክለብ ሰው "ሠርግ ጠራሃቸው እንዴ?" ብሎ ስቆበት ነበር። አሁን ይህችን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ደግሞ ሊሳቅበት? ከረጢቱን ወደ ውሃው ዘቀዘቀው፤ ዓሣዋ ሄደች።

ወዲያው የቡድኑ አለቃ ዴዝሞንድ እያለከለከ ደረሰ። "ያ ጎረቤትህ ባዶውን ነው! ሁለቱ ክለቦች እኩል ነን እኮ! የቱንም ያህል ትነስ፣ አንዲት ዓሣ ካለችህ ዋንጫው የኛ ነው። በል አውጣት፣ አንተ ሽማግሌ!"

"ምንም የለኝም" አለ ክላይቭ።

"ምንም?"

"ዓሣው አልበላ አለኝ።"

ዴዝሞንድ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "አይዞህ፣ ብርዱ ነው እንጂ አንተ ምን ታደርግ" ብሎ ከረጢቱን ሊያጥፍለት ጎንበስ አለ። እጁ መሃል ላይ ቆመ። መረቡ ላይ ተጣብቃ የቀረች፣ ገና እርጥብ የሆነች አንዲት የዓሣ ቅርፊት በጥፍሩ አነሳና አያት። ቀና ብሎ ክላይቭን አላየውም። ሱሪው ላይ ጠረጋትና ማጠፉን ቀጠለ።

ዳኞቹ ሲደርሱ "ባዶ ነው" ብሎ የመለሰላቸው ዴዝሞንድ ነበር።